ዲፓርትመንት ምርጫ ዛሬ ሌሊት 6 ሰዓት ይዘጋል፣ ፎርሙ እምቢ አለኝ! ሲኤስ፣ አይኤስ ወይስ ሒሳብ?

ፍሬሿ (ማታ 3:40)
እባካችሁ ቶሎ! ፎርሙ ዛሬ ሌሊት ይዘጋል፣ «ላክ» ስለው ግን «ምርጫ ተደግሟል» እያለ ይመልስብኛል። ምንም አልደገምኩም። የሞላሁት ሦስት ብቻ ነው፦ ኮምፒውተር ሳይንስ (ሲኤስ)፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ (አይኤስ)፣ ሒሳብ። ደግሞ የዶርም ልጆች «ሲኤስን አንደኛ አድርገሽ ካልደረሰሽ፣ አይኤስን አንደኛ ያሉት ቀድመውሽ ይወስዱታል» አሉኝ። አይኤስን ላስቀድም? ወይስ ሒሳብን አንደኛ ብዬ ልገላገል?

ጣና ዳር (3:44)
ሲጂፒኤሽስ (አጠቃላይ ውጤትሽ)? እሱን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ?

የኔታ (3:51)
ልጄ፣ ስሙ ስላማረ ብቻ አትግቢ። ሦስቱም የአራት ዓመት ትምህርት ናቸው፣ ከ2015 ጀምሮም የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ሲኤስ ማለት ኮምፒውተር መጠገን አይደለም። ዳታ ስትራክቸር (የዳታ አደረጃጀት)፣ አልጎሪዝም (ችግር የሚፈታበት ደረጃ በደረጃ መንገድ)፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ አውቶማታ (የማሽን ሒሳባዊ ሞዴል)፣ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ነው። ብዙው ተማሪ የሚንገዳገደው ዲስክሪት ማትን (የሎጂክ፣ የሴትና የግራፍ ሒሳብ) «ሒሳብ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ሲንቀው ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስለ አልጎሪዝም ፍጥነት ሲጠየቅ መሠረቱ አይኖረውም። «አይኤስ ቀለል ያለ ሲኤስ ነው» የሚሉሽንም አትስሚ፣ ሥራው ሌላ ነው፤ ዳታቤዝ አለው፣ ሲስተም አናሊሲስ አለው፣ አካውንቲንግና ፕሮጀክት ማኔጅመንት ይጨመርበታል። ሒሳብ ግን ለፍሬሽማን ከተማርሽው ጋር አይመሳሰልም። ማስላቱ እየቀነሰ ማረጋገጡ ይበዛል።

ዳሞት (3:55)
የሒሳብ ልጅ ለሰፈሩ እቁብ ጸሐፊነት አያጣም 😄 ፎርሙን ግን እስከ መጨረሻው ሙዪው። ባዶ የተዉሻቸው ሳጥኖች በሙሉ «ምረጥ» የሚል አንድ ዓይነት ዋጋ ይዘው የሚሄዱ ይመስለኛል፣ ሲስተሙም ያንን ድግግሞሽ ብሎ ይቆጥረዋል። ስንት ሳጥን አለ? 10 ከሆነ 10 የተለያየ ስም። ከላክሽ በኋላ ወጥተሽ ተመልሰሽ ግቢ፣ ቅደም ተከተሉ እንዳለ ከሆነ ስክሪንሾት አንሺ።

ፍሬሿ (4:02)
3.21። ሳጥኑ 8 ነው። ግን የማልፈልገውን ሞልቼ እሱ ቢደርሰኝስ?

ቀመር (4:11)
የማትፈልጊው ከታች ነው የሚቀመጠው፣ የሚደርስሽም ከላዩ ያሉት ሁሉ ሲሞሉ ብቻ ነው። ባዶ ከተዉሽው ደግሞ ከተረፈው ቦታ ሌላ ሰው ይመርጥልሻል።

የዶርም ልጆችን ወሬ በቁጥር እንየው። ተራሽ በውጤት 140ኛ ነው እንበል። ሲኤስ 60 ቦታ፣ አይኤስ 50 ቦታ አለው። ሲስተሙ ከ1ኛው ተማሪ ጀምሮ እያንዳንዱን ከምርጫዎቹ መካከል ገና ባልሞላው የላይኛው ላይ ይጥለዋል። አንቺ ጋ ሲደርስ ሲኤስ ሞልቷል፣ አይኤስ 12 ቀርቶታል፤ ከ12ቱ አንዱ ያንቺ ነው። 141ኛው አይኤስን አንደኛ ቢለውም ከኋላሽ ነው። አይኤስን ብታስቀድሚ የምታገኚው ትርፍ የለም፣ ሲኤስ ላይ አንድ ቦታ ተርፎ ከነበረ ግን ታጪዋለሽ።

ይህ የማይሠራው ግቢው «መጀመሪያ አንደኛ ምርጫ ያደረጉትን በሙሉ እንደለድላለን፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ እንሄዳለን» ካለ ነው። ያኔ የዶርም ልጆች ልክ ናቸው። ማስታወቂያው ምን ይላል?

ፍሬሿ (4:19)
«በሲጂፒኤ ቅደም ተከተል» ነው የሚለው።

ቀመር (4:20)
እንግዲያው ከልብሽ የምትፈልጊውን አንደኛ አድርጊ። አበቃ።

ጣና ዳር (4:26)
የኔታ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የእርስዎን ዝርዝር አንብባ ልጅቷ ዛሬ ማታ እንዴት ትወስናለች? ፍሬሿ፣ አንቺም ሒሳብን መሸሸጊያ አታድርጊው። «ልገላገል» ብሎ የገባ ሰው ሪል አናሊሲስ (ካልኩለስን ከሥሩ የሚያረጋግጥ ኮርስ) ላይ ይቆማል። ኮድ መጻፍ ብቻ ከሆነ ፍላጎትሽ ደግሞ ግቢሽ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ካለው ለምን አልጻፍሽውም? አምስት ዓመት ነው፣ ሳጥኑም ባዶ ነው።

ኮምፓይለር (4:38)
ወረቀት ያዢና ሦስት ነገር ሞክሪ፣ ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ።

አንድ፦ የሊንክድ ሊስትን (እያንዳንዱ ዳታ ቀጣዩን በቀስት የሚያመለክትበት ሰንሰለት) አቅጣጫ ገልብጪ። «ያለፈው»፣ «አሁን ያለሁበት»፣ «ቀጣዩ» የሚሉ ሦስት ፖይንተሮች (ጠቋሚዎች) ያስፈልጉሻል። ቀጣዩን ሳትይዢ ቀስቱን ካዞርሽ የቀረው ሊስት በሙሉ ይጠፋብሻል። የት እንደጠፋ መፈለጉ ካስደሰተሽ ሲኤስ።

ሁለት፦ የግቢሽ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያውስበትን መንገድ በዳታ ፍሎው ዲያግራም (መረጃ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በቀስት የሚያሳይ ሥዕል) ሳዪ። ከተማሪው የተነሳ ቀስት በቀጥታ መዝገቡ ውስጥ ከገባ ስህተት ነው፤ መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያጣራ ሂደት የግድ አለ። «መጽሐፉ ቢጠፋስ? ቀኑ ቢያልፍስ?» እያልሽ መጠየቅ ከጀመርሽ አይኤስ ነሽ።

ሦስት፦ ኤክስ ወደ 2 ሲጠጋ 3ኤክስ+1 ወደ 7 እንደሚጠጋ በኤፕሲሎንና በዴልታ አረጋግጪ (ኤፕሲሎን ውጤቱ ከ7 እንዲርቅ የምንፈቅደው መጠን፣ ዴልታ ኤክስ ከ2 የሚርቅበት መጠን ነው)። ዴልታን ኤፕሲሎን ሲካፈል ለ3 ማድረግ ይበቃል። መልሱን ነገርኩሽ፤ ጥያቄው «ለምን 3?» ነው። እሱ እንቅልፍ ከነሳሽ ሒሳብን አትፍሪው። ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲው ለማሽን ለርኒንግ ጥሩ መሠረት ነው፤ ፕሮግራሚንጉን ግን ዲፓርትመንቱ ብዙም ስለማይሰጥሽ ከሁለተኛ ዓመት ጀምረሽ ፓይተንና ኤስኪውኤል (ኮድ መጻፊያና ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋዎች) በራስሽ ያዢ።

በረከት_ዘ16 (4:50)
ሁሉንም ሳጥን ሙዪ፣ ያኔ ይቀበልሻል።

ዳሞት (4:52)
ብያለሁ እኮ 😄 በስልክ ከሆነ ደግሞ ብራውዘሩን «ዴስክቶፕ ሳይት» ላይ አድርጊው፣ የታችኞቹ ሳጥኖች በስልክ ተደብቀው ይሆናል። እስከ 5:30 አትቆዪ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሲገባ ሲስተሙ ይጨናነቃል።

አዲስ ገቢ (5:21)
እኔም ያው ችግር ነበረብኝ፣ 8ቱንም ስሞላ ተቀበለኝ።

ቀመር (5:40)
ፍሬሿ፣ ገባልሽ?