ማርስ ላይ ያለው ዝንጉርጉር ድንጋይ 11 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ወይስ አያወጣም?

አድሚን፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። ማርስ ላይ ጄዜሮ የሚባል 45 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ አለ፣ ድሮ ሐይቅ የነበረ። የናሳዋ ሮቨር (ተሽከርካሪ ሮቦት) ፐርሲቪራንስ በጁላይ 2024 ወደዛ ሐይቅ ይገባ በነበረ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ አንድ ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ አግኝታ ሰርስራ ናሙና ወሰደች። ድንጋዩ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፣ መሃላቸው ነጣ ዳራቸው ጠቆር ያለ፣ የነብር ቆዳ በሉት። በሴፕቴምበር 2025 ጥናቱ ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ፣ ናሳም የሕይወት ምልክት ሊሆን ይችላል አለ። ናሙናው ግን እስካሁን እዛው ነው። ለማምጣት ያን ያህል ገንዘብ ይውጣ ወይ? ስድብ የለም፣ ሃይማኖት ውስጥም አንግባ ባካችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አይውጣ። በ2024 ናሳ ራሱ ወጪው እስከ 11 ቢሊዮን ይደርሳል፣ ድንጋዩም የሚመጣው በ2040 ነው ብሎ ራሱ በዛ አለ እኮ። ኮንግረሱም በ2026 በጀት ላይ ነባሩን ፕሮግራም አልደግፍም ብሏል፣ እኛ ምን ቤት ነን? ደግሞ ማርስ ላይ ውሃ ነበር የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ነው የምንሰማው? ከሮቨሮቹ በፊትም ነበር፣ ዛሬም ያው ነው።

ድንጋይ ወዳድ፦ ወንድሜ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ሰው ውሃ ነበር ሲባል ሰምቶ ያልፋል እንጂ ምን አይነት ውሃ ብሎ አይጠይቅም። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው የናሳ ሮቨር በ2004 ያገኘችው ጃሮሳይት የሚባል ማዕድን ነው፣ እሱ የሚፈጠረው አሲድ በሆነ ውሃ ነው፣ ሌላዋ ሮቨር ኪዩሪኦሲቲ ደግሞ ጌል የሚባል ጉድጓድ ላይ ያገኘችው የሸክላ ማዕድን ጨውም አሲድም ያልበዛበት ውሃ የሠራው ነው፣ ማለትም አንዷ ፕላኔት ላይ ሆነው አንዱ ሊጠጣ የሚችል አንዱ አንጀት የሚያቃጥል። ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ የድሮውን ማዕድን ያሟሟና በቦታው ሌላ ይተካል፣ የሚተካው እንደ ሙቀቱና እንደ አሲዱ ስለሚለያይ ውሃው ከጠፋ በኋላም ምን እንደነበር ይታወቃል። በ2025 ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የፐርሲቪራንስን ዳታ አገላብጠው ጄዜሮ ላይ 24 አይነት ማዕድን ለይተዋል፣ ውሃውም የተለያየ ዙር ነበረው፦ መጀመሪያ ትኩስና አሲዳማ፣ ያ ለሕይወት ከባድ ነው፣ ቀጥሎ ለዘብ ያለ፣ መጨረሻ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ)፣ ሴፒዮላይት የሚባለውን ማዕድን ሰፊ ቦታ ላይ ጥሎ ያለፈ። ቦታው እየቆየ ለኑሮ እየተመቸ ነው የሄደው። ይሄ ያው ዜና ነው?

ቀልደኛው፦ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጣል ወይ ተብሎ ተጽፎ የለ እንዴ፣ 11 ቢሊዮን ከፍላችሁም አይለወጥም ሃሃሃ

ገንዘብ ያዥ፦ ተመቸ ማለት ኖረበት ማለት ነው እንዴ? ቤት ስለተሠራ ተከራይ ገባ አይባልም።

ድንጋይ ወዳድ፦ እሱማ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ነጠብጣቦቹ ነገር የሆኑት። ውስጣቸው ቪቪያናይት የሚመስል አለ፣ ብረትና ፎስፌት፣ ግሬጋይት የሚመስልም አለ፣ ብረትና ድኝ። ምድር ላይ ቪቪያናይት ረግረግ ውስጥ የበሰበሰ ነገር አካባቢ ይገኛል፣ ግሬጋይትን ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት በኦክስጅን ፈንታ ሰልፌት (ድኝ ያለበት ጨው) የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል። ያለ ባክቴሪያም ሊሠራ ይችላል ግን ሰልፌቱን ለመቀየር ብዙውን ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል፣ ያ ድንጋይ ደግሞ በኋላ እንደጋለ የሚያሳይ ምልክት አልተገኘበትም። ኦርጋኒክ ካርቦንም አለው፣ ሕይወት የሚሠራበት አይነት። ሕይወት ነው እያልኩ አይደለም፣ ሌላው ማብራሪያ ራሱ ተቸገረ ነው የምለው።

የአፋር ልጅ፦ ዳሎልን ማን ረሳው? ሄዶ ያየ ያውቃል፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬ፣ የሚፈላ፣ ድኙ ጉሮሮ የሚይዝ፣ አሲዱ ከመብዛቱ የተነሳ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው) ከዜሮ በታች የሚወርድበት። ውሃ ሞልቷል። በ2019 ስፔኖች የመሩት ቡድን ጥቃቅን ሕያዋን አገኘን አለ፣ በዚያው ዓመት የፈረንሳዮቹ ቡድን ኩሬዎቹ ውስጥ ምንም የሚኖር የለም፣ በማይክሮስኮፕ ሴል የሚመስለውም ማዕድን ሊሆን ይችላል አለ፣ ምክንያቱም አሲዱና ጨው አንድ ላይ ሲሆኑ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ማግኒዥየሙ ሲበዛ፣ ሕይወት አይችለውም ነው የሚሉት። በመኪና በምንደርስበት ቦታ እንዲህ ካልተስማሙ በአማካይ ከ200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀው ድንጋይ በካሜራ ምን ሊባል ነው?

ድንጋይ ወዳድ፦ አቦ ነጥቡ እኮ ለኔ ነው የሚያግዘው። የዳሎል ክርክር የተካሄደው ናሙናው ላብራቶሪ ገብቶ፣ ዲኤንኤው ተፈልጎ፣ ብክለቱ ተጣርቶ ነው። አንታርክቲካ በ1984 የተገኘውን የማርስ ሜቴዎራይት (ከማርስ ተፈንጥሮ ምድር ላይ የወደቀ ድንጋይ) አስታውሱ፣ ኤኤልኤች 84001 የሚሉትን። በ1996 ሕይወት አለበት ተብሎ ክሊንተን ሳይቀር መግለጫ ሰጠ፣ በ2022 ደግሞ ውስጡ ያለው ኦርጋኒክ ውሃና ድንጋይ ተዋህደው የሠሩት ነው የሚል ጥናት ወጣ። ይሄን ያሉት ድንጋዩ እጃቸው ላይ ስላለና መሣሪያው በየጊዜው ስለተሻሻለ ነው። ሮቨሯ ላይ ያን ሁሉ መሣሪያ መጫን አይቻልም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ታክሱ ከኔ ደሞዝም ነው የሚቆረጠው፣ እናም ይምጣ ባይ ነኝ። ብሩ ማርስ ላይ አይበተንም፣ እዚሁ ነው የሚበላው፣ በጀቱ ሲያጠራጥር በፌብሩዋሪ 2024 ሮቨሯን የሠራው የናሳ ላብራቶሪ ጄፒኤል 530 የሚያህል ሰው አሰናብቷል። ዋጋው ግን ይውረድ፣ ሎክሂድ ማርቲን የሚባለው ኩባንያ ከ3 ቢሊዮን በታች እሠራዋለሁ ብሏል፣ ሮኬት ላብ የሚባለውም ከ4 በታች።

ገንዘብ ያዥ፦ ቻይናም በ2028 ልካ በ2031 ልታመጣ አይደል? ድንጋዩን ከሷ እንጠብቅ በቃ።

ድንጋይ ወዳድ፦ ቻይና የምታመጣው ራሷ የቆፈረችውን ነው፣ ይሄን አይደለም። የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው፣ በ2023 መጀመሪያ ናሙና የያዘ አስር ቱቦ ማርስ መሬት ላይ ለመጠባበቂያ ተቀምጧል፣ ይሄ ናሙና ግን ከዛ በኋላ ስለተወሰደ ሮቨሯ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። የሆነ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ተበላሽታ ብትቆምስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ ቢሊዮን ከመለመናችሁ በፊት ቱቦውን ሜዳ ላይ አስቀምጡታ!