የእሳት እራት መዝጋቢ ነኝ፣ እርዱኝ
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ግቢያችን የሚመጡትን የእሳት እራቶች ዓመቱን ሙሉ ለመመዝገብ ተነስቻለሁ። ማታ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ አምፖል አበራለሁ። ያረፉትን ፎቶ አንስቼ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ እጽፋለሁ። በልግ ሲዘንብማ አንሶላው ይሞላል፤ እንዴት ደስ ይላል!

የቸገሩኝ ትናንሾቹ ቡናማዎች ናቸው። ክንፋቸውን ሲያጥፉ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። «ቡናማ 1»፣ «ቡናማ 2» እያልኩ ልቀጥል ወይስ የኋላ ክንፋቸው የግድ መታየት አለበት? ገድዬ በመርፌ መሰካት ግን አልፈልግም፣ ያሳዝኑኛል።

ሌላው ጨረቃ ነው። ሙሉ ስትሆን ወደ መብራት የሚመጡት ይቀንሳሉ። ታዲያ ወር ከወር እንዴት ላወዳድር? ጨረቃ በሌለችባቸው ሌሊቶች ብቻ ልቁጠር? ስለ ነፍሳት የምታውቁ የድሬና የሐረር ልጆች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ።