የሲኤስኤስ ኮድ ስንጽፍ ማጠሩ ይቅደም ወይስ መነበቡ?

አቅራቢ፦ ለቡድናችን የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) የአጻጻፍ መመሪያ እያዘጋጀን ሳለ በአንድ ነጥብ ላይ መስማማት አቅቶናል። አንዱ ወገን የማርጂንን (በአንድ ነገር ዙሪያ የሚተወውን ክፍት ቦታ) አራት ጎኖች በአንድ መስመር ጠቅልለን እንጻፍ ሲል፣ ሌላው እያንዳንዱ ጎን በስሙ ተጠርቶ በየራሱ መስመር ይቀመጥ ይላል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መላሽ 1፦ እኔ ማጠሩን እደግፋለሁ። ከላይ ተነሥቶ በሰዓት አዟዟር ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችና ወደ ግራ የሚሄደው ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ሲኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጸደቀበት ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም፤ አንድ ጊዜ የለመደው ሰው አይስተውም። ፋይሉም ይቀንሳል።

መላሽ 2፦ የፋይሉን መጠን ከክርክሩ ብናወጣው ይሻላል። ክፍት ቦታውንና ኮሜንቱን የሚያራግፍ ሚኒፋየር አለ፤ ሰርቨሩም በጂዚፕ ጨምቆ ሊልከው ይችላል፤ ተደጋጋሚ የፕሮፐርቲ (እንደ ማርጂን ያለ የመልክ ባሕርይ) ስሞች ደግሞ ለጂዚፕ ምንም አይከብዱትም። እኔን የሚያሳስበኝ አጭሩ አጻጻፍ ሳይናገር የሚያደርገው ነገር ነው። በአንድ ወቅት የአንድን በተን ቀለም ብቻ ለመቀየር ፈልጌ «ባክግራውንድ» (የጀርባውን ቀለምም ምስልም በአንድ ላይ የሚወስነው አጭር ፕሮፐርቲ) ብዬ ቀለሙን ጻፍኩ፤ ቀለሙ ተቀየረ፣ ከላይ በሌላ ሕግ የተሰጠው አይከን ግን ጠፋ። የተሳሳተ መስመር ስላልነበረ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ አጭሩ ፕሮፐርቲ ያልጠቀስነውን ሁሉ ወደ መነሻ ዋጋው ይመልሳል። «ባክግራውንድ ከለር» ብዬ ቢሆን ኖሮ አይከኑ ከቦታው ባልተነቃነቀ ነበር። «ፎንት»ም ያው ነው፤ መጠኑንና የፊደሉን ዓይነት ብቻ ብንሰጠው የመስመሩን ከፍታ ወደ «ኖርማል» ይመልሰዋል።

መላሽ 3፦ ያነሡት ችግር እውነት ቢሆንም መመለሱ ራሱ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። የፍሌክስቦክስ (ነገሮችን በገጹ ላይ በረድፍ ወይም በዓምድ የሚደረድረው የሲኤስኤስ ክፍል) ደረጃ ሰነድ ጸሐፊዎች በዝርዝሮቹ ፈንታ አጭሩን «ፍሌክስ» እንዲጠቀሙ የሚያበረታታው፣ ያልተጠቀሱትን ክፍሎች ለተለመደው አገልግሎት በሚስማማ ዋጋ ስለሚሞላ ነው። ስለዚህ «አጭር ክልክል ነው» የሚል መመሪያ ብታወጡ ይህንኑ ምክር መጣሳችሁ ነው።

መላሽ 2፦ በፍሌክስ ተረትቻለሁ። አንዱን ነገር ብቻ ስንቀይር ሙሉ ስሙ ይጻፍ የሚለውን ግን አልለቅም።

መላሽ 1፦ በዚህስ እስማማለሁ፤ ማርጂን ላይ ግን አራቱንም ጎኖች በአንድ ጊዜ የሚወስን ሰው አጭሩን ይጻፍ። አራቱ መስመሮች ተበታትነው በመካከላቸው ሌላ ፕሮፐርቲ ሲሰገሰግ ከአጭሩ ይልቅ ለማንበብ ይከብዳሉ።

አቅራቢ፦ እንግዲያው ሁለቱንም ሐሳቦች በመመሪያው አሰፍራለሁ፤ ከራሴ አንድ ልጨምር። ባለ ሦስት ዋጋ ማርጂን ባየሁ ቁጥር መካከለኛው ለቀኝና ለግራ መሆኑን ለማስታወስ ቆም እላለሁ። ሦስት ዋጋ መጻፍ ይቅር፤ አንድ፣ ሁለት ወይም አራት ይሁን።