ሳሬ እየደረቀብኝ ነው፤ የቀረውን አሁን ልትከለው ወይስ ልጠብቅ?

የቫሊዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ያለሁት ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ ነው። ለግቢዬ 12 ፖት የጌጥ ሳር ገዛሁ። አዲስ አበባ ለእናቴ ደውዬ ሳማክራት «ነሐሴ አይደል? አፈሩ ሳይደርቅ ቶሎ ትከይው» አለችኝ። አራቱን ተከልኩ። በሦስተኛው ቀን ጫፋቸው ነደደ፤ ቅጠሉ እንደ ክር ተጠቀለለ። ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። ዛሬ 38 ዲግሪ ነው። ስምንቱን ምን ላድርጋቸው?

ባለጓሮው፦ እህቴ፣ ውሃ ጨምሪ።

ሚሚ፦ የሳሩ ስም ምንድን ነው? ሳር ሁሉ አንድ አይደለም። ፖቱ ላይ የተለጠፈውን አንብቢልን።

ጋሼ፦ ልጄ፣ እናትሽ እውነታቸውን ነው፤ ግን ያሉት ለአዲስ አበባ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ዝናቡን ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። እዚያ ያለሽበት ዝናቡ ከብርዱ ጋር ነው የሚመጣው፤ በብዛት ከኖቬምበር እስከ ማርች። ኦገስት የደረቅ ደረቅ ነው። ኦክቶበር ሲገባ ፀሐዩ ይበርዳል፤ አፈሩ ግን ሙቀቱን ገና አልለቀቀም። ያኔ ቅጠሉ ብዙ ውሃ አይጠይቅም፤ ስሩ ግን ይሠራል። አፈሩ በረዶ ስለማይሆን ስሩ ብርዱን ሁሉ ሲወርድ ይከርማል። ስር የሌለው ተክል ሙቀት አይችልም።

ከጎመን ጋር፦ ሳር በብር ይገዛል እንዴ? ውሃ በተወደደበት አገር? ጎመንና ጤና አዳም ትከይበት፣ ቢያንስ ትበይዋለሽ።

የቫሊዋ፦ ጎመን አለኝ። ይሄ ለፊት ለፊቱ ነው። ስሙን አየሁት፦ ሰማያዊ ፌስኪው 5፣ ዲር ግራስ 4፣ ሐምራዊ ፋውንቴን ግራስ 3። የተከልኳቸው አራቱ ፌስኪው ናቸው።

ባለጓሮው፦ ውሃ ጨምሪ ብያለሁ እኮ።

ሚሚ፦ ውሃው ላይደርሳቸው ይችላል። የፖት አፈር አንዴ ክው ካለ ውሃ አይቀበልም፤ በጎን ተንሸራቶ ይወርዳል። ጣትሽን ከስሩ አጠገብ አስገቢና እይ። ያልተከልሻቸውን ከነፖታቸው ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሪ፤ አረፋው ሲያቆም አውጪ። ከዚያ የከሰዓት ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታ ይቀመጡ። የተተከሉትን አትንቀያቸው፤ ጥላ ሥሪላቸው።

ፌስኪው የመንዝ ጓሳ ዘመድ ነው። ብርድ ይወዳል፤ በሙቀት ይተኛል። እሱንና ዲር ግራሱን ለመትከል እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ጠብቂ። ሐምራዊው ውርጭ አይችልም፤ እሱ ማርች ወይም ኤፕሪል፣ አፈሩ ሲሞቅ። በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ስሩ ይበሰብሳል።

ለጎመኑ ወንድሜ፦ ዲር ግራስ የካሊፎርኒያ የራሷ ሳር ነው፤ አንዴ ከያዘ ውሃ ብዙ አይፈልግም። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ቅርጫት ይሠሩበታል፤ እኛ በአክርማ እንደምንሰፋው።

የኦክላንዱ፦ ሚሚ ያለችው ልክ ነው። አምና ጁላይ ላይ ዲር ግራስ ተከልኩ። ኖቬምበር ላይ ስነቅለው ስሩ የፖቱን ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ ዙሪያውን እንደ ስፌት ተጠምጥሟል። አንድ ክር ወደ ውጭ አልወጣም። ጎኑን ሦስት ቦታ በቢላ ሰንጥቄ፣ ስሩን በጣቴ ፈታትቼ መልሼ ተከልኩት። ዘንድሮ ወገቤ ደርሷል። አንገቱን፣ ስሩና ቅጠሉ የሚገናኙበትን፣ ግን እንዳትቀብሪው፤ ከአፈሩ እኩል ይሁን። አፈሩን የምትሸፍኚበትን ጉዝጓዝም ከአንገቱ ትንሽ አርቂው።

አዲስ ገቢ፦ አረንጓዴውን ፋውንቴን ግራስ በርካሽ አገኘሁ፤ ልግዛው?

ሚሚ፦ ተወው። አገሩ የኛው አፍሪካ ነው፤ ካሊፎርኒያ ግን ዘሩን ንፋስ እየወሰደው ወራሪ አረም ሆኗል። ሐምራዊው ዘር እምብዛም አይሰጥም።

ባለጓሮው፦ እህቴ፣ ጨመርሽ?

ሚሚ፦ የቫሊዋ፣ አራቱ እንዴት ሆኑ? ከመሃላቸው አዲስ አረንጓዴ ብቅ ካለ አልሞቱም።