ለጨዋታ ሥራችን ወጪ መላ ብትሉን
ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል ሦስት ሆነን ስለ ፈረስ ጉግስ የሞባይል ጨዋታ እየሠራን እንገኛለን። በጀታችንን ያወጣነው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ስላለፈ፣ የሰርቨር (ተጫዋቾችን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ኪራዩና ውጭ አገር ላለው አኒሜተር (ምስሎችን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ) የምንከፍለው ገንዘብ በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረውም።

ከሁሉ ያስቸገረን የፈረሱ እንቅስቃሴ ነው። ራሳችን ስንሞክረው ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ሲሸጋገር የኋላ እግሮቹ መሬቱ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ጉግስ እያየ ላደገ ሰው ይህ ጉድለት ወዲያው ስለሚታወቀው፣ ዝግጁ አኒሜሽን ገዝቶ ማለፉን ልቤ አልፈቀደውም። በሌላው በኩል የምንጠቀመው የጨዋታ ኢንጂን (ጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ጎዶት በነፃ የሚገኝ ነው፤ የጉግል ፕሌይ የምዝገባ ክፍያም አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 25 ዶላር በመሆኑ አያሳስበንም።

ካቀድናቸው ስድስት ሜዳዎች የተጠናቀቁት ሁለት ናቸው። በሁለቱ ብቻ አውጥተን ገቢውን እያየን ብንቀጥል ይሻላል ወይስ ሰርቨር የሚፈልገውን የኦንላይን ውድድር አስቀርተን ገንዘቡን ለፈረሱ ብናውለው? በተጨማሪም ለአገር ውስጥ አኒሜተር በደመወዝ ፋንታ ከሽያጩ ድርሻ ሰጥታችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ውሉን እንዴት እንደጻፋችሁት ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።