ያለ ፍትሐት የሚደረግ ቀብር፣ እንግሊዝ አገር

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብሎ የማያምን ሰው ያለ ቄስ መሸኘት ከፈለገ ኑዛዜው ላይ መጻፉ ይበቃል? ሥነ ሥርዓቱስ እንዴት ነው?

መልስ 1፦ አይበቃም። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ የቀብር ምኞት አያስገድድም፤ የሚወስነው የኑዛዜው አስፈጻሚ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን የሚቀበል ሰው ይሹም። ኑዛዜ ብዙ ጊዜ ከቀብር በኋላ ስለሚነበብ፣ ፍላጎቱን በአንድ ገጽ ለብቻው ጽፎ ቅጂውን አሁኑኑ ይስጠው።

መልስ 2፦ አስከሬኑ የሚቃጠል ከሆነ የክሪማቶሪየሙን (የአስከሬን ማቃጠያውን) ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው፤ መግቢያና መውጫውም ከዚያው ላይ ይቆረጣል። ለሕይወት ታሪኩ 10 ደቂቃ ያዙ፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩት። ካለፈ ተጨማሪ ያስከፍላሉ፣ ቀጣዩ ቀብርም በር ላይ ይቆማል። 2 ደቂቃ ዝምታ ጨምሩበት፤ የሚያምን ዘመድ በልቡ ይጸልይበታል። ሟቹ ደረቱ ውስጥ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለው ተናገሩ፤ ካልወጣ ምድጃው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

መልስ 3፦ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ለቀስተኛ አታርሙ፣ ነውር ነው። ንግግሩ ላይ ግን «ወደ ተሻለ ቦታ ሄደ» ከማለት ማንን እንዳስተማረ፣ እሁድ ጠዋት ቡናውን ከማን ጋር ይጠጣ እንደነበር ተናገሩ።