የጋራ ፕሮፖዛላችን 3ኛ ክፍል፦ ጥራት እንቆጣጠር፣ ሙከራውንም እንዳናፍን

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን ለከተማ አስተዳደሩ የሚያስገባው የፕሮፖዛል ረቂቅ ደርሷችኋል። ክርክሩ ያለው 3ኛው ክፍል ላይ ነው። «እያንዳንዱ የአዳማ አባል ወርክሾፕ ለሁሉም ሥራ የተጻፈ አሠራርና የጥራት መዝገብ ይኖረዋል» ይላል። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ አዲስ ነገር መሞከርን ይገድላል» ብላችኋል። እስቲ እዚሁ እንነጋገርበት።

የበርና መስኮት ሠሪ፦ እኔ ዓረፍተ ነገሩ ይቆይ ባይ ነኝ። ልኬታችን በየቀኑ ሲለዋወጥ አዲሱ ዘዴ ከአሮጌው ይሻል አይሻል በምን እናውቃለን? እኛ ጋ የቱቦላሬው አቆራረጥ አንድ ወጥ ከሆነ በኋላ ነው በያጃችን ፍሬሙን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መያዣ ከቁርጥራጭ ብረት የሠራው። ያኔ ልዩነቱ በዓይን ታየ። ሐሳቡ የመጣው ከእሱ እንጂ ከእኔ አይደለም።

የእንጨት ሥራ ባለሙያ፦ ጋሼ፣ እሱ እውነት ነው። ግን «ለሁሉም ሥራ» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። የአሜሪካው ኩባንያ ስሪ ኤም (3M) ያየውን እንይ። ጄምስ ማክነርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሲክስ ሲግማን፣ ማለትም ስህተትን እየለኩ የመቀነስ የጥራት ዘዴን፣ በመላው ድርጅት ዘረጉ። ብክነት ቀነሰ። ምርምር ክፍሉ ግን ገና ለማይታወቅ ነገር ውጤት አስቀድሞ እንዲያሳይ ተጠየቀ። ተተኪያቸው ጆርጅ በክሊ በዚያ ክፍል ላይ ቁጥጥሩን ቀለል አደረጉት። ተደጋጋሚ ሥራ ላይ ስህተት መቀነስ ግዴታ ነው። ሙከራ ላይ ግን የተበላሸው ራሱ ትምህርት ነው። ሁለቱን በአንድ ቅጽ መመዘን ልክ አይመስለኝም።

የካይዘን ሥልጠና የወሰደች አባል፦ በጣም እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሠራተኛው ነው። በአገራችን ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። ብዙ ቦታ ግን የሥራ ቦታን በማስተካከል (ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት) ላይ ቆመን እንቀራለን። ግድግዳው ያምራል፣ ከሠራተኛው ሐሳብ የሚቀበል የለም። ቶዮታ የሠራተኞች ሐሳብ ማቅረቢያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ለእኔ የጥራት ሥራ ወደ ፈጠራ የሚሻገረው በዚህ በር ነው። ሐሳብ ላቀረበ ሰው መልስ የሚሰጥበት ቀን ፕሮፖዛሉ ውስጥ ይጻፍ። መልስ ካላገኘ ሁለተኛ አይናገርም።

የበርና መስኮት ሠሪ፦ እህቴ፣ መልሱ ልክ ነው። የሙከራው ወጪስ? ላሜራ እንዲህ ተወዶ ማን ያበላሻል?

የእንጨት ሥራ ባለሙያ፦ ከማኅበሩ መዋጮ ትንሽ ድርሻ ለጋራ የሙከራ ቦታ ይመደብ። እዚያ የሚበላሽ ዕቃ በማንም ላይ አይቆጠርም። የሠራው ሰው ግን ምን እንደሞከረና ምን እንዳየ በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ሌላው ያንኑ እንዳይደግም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «አባላት ለደንበኛ ለሚያስረክቡት ተደጋጋሚ ሥራ የተጻፈ አሠራርና የጥራት መዝገብ ይኖራቸዋል። ለአዲስ ሙከራ የጋራ ቦታና የጥሬ ዕቃ በጀት ይመደባል፤ ውጤቱ ይመዘገባል፣ ብልሽቱ ግን እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ሠራተኛ ያቀረበው ሐሳብ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል።» የበጀቱን ሠንጠረዥ የእንጨት ሥራ ባለሙያውና ጋሼ አብራችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል። እስከ ሐሙስ ከደረሰኝ አርብ አስገባዋለሁ።

የበርና መስኮት ሠሪ፦ ነገ ከሰዓት እኔ ወርክሾፕ እንገናኝ። የላሜራና የቱቦላሬ የሰሞኑን ዋጋ ይዤ እጠብቃለሁ።